ለውሰት የማይመች ኮምፒውተር

ኮምፒውተር ልገዛ ነው ብሎ አፉን የከፈተ ሰው መካሪ አያጣም። አንዱ ስለ ፍጥነቱ፣ ሌላው ስለ ባትሪው፣ ሦስተኛው ደግሞ ራሱ ስለገዛው ኮምፒውተር ሲያወራላችሁ ይውላል። "ለመሆኑ አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?" ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔን ቢጠይቁኝ እውነቱን እናገር ነበር። እኔ እምቢ ማለት የማልችል ሰው ነኝ።

እንጀራዬ ትርጉም ነው። ላንቻ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ተቀምጬ የሰው መጽሐፍ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ቢሮ የለኝ፣ ስብሰባ የለብኝ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚጎለት ዴስክቶፕ ምን አነሰው? እኔ ግን ኦሎምፒያ ካፌዎች ውስጥ ላፕቶፕ ከፍተው ማኪያቶ የሚጠጡትን አይቼ ቀናሁና ላፕቶፕ ገዛሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። ካፌ ይዤው የሄድኩት ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ላፕቶፑ ግን ያለ እኔ ብዙ አገር አየ።

ጋሽ ታደሰ የካዛንቺሱ እድራችን ጸሐፊ ናቸው። ሰፈራችን ፈርሶ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ሲበተን እድሩ ግን አልፈረሰም፤ እሳቸውም ማን የት እንደገባ መመዝገብ ጀመሩ። "ለሁለት ቀን ብቻ ልጄ፣ ስም ዝርዝሩን ላስጽፍበት" አሉኝ። ዳዴ ስል ያዩኝን ሰው እንዴት እምቢ ልበል? ሁለቱ ቀን ሁለት ሳምንት ሆነ። እሳቸው ሲመልሱ የድሮ ጎረቤታችን እትዬ ሙና ለልጃቸው መመረቂያ ጽሑፍ ብለው ወደ ሰንጋ ተራ ወሰዱት። ሁሉም እየመረቁኝ ነው የሚወስዱት፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በዚህ መሀል ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ መጽሐፍ ሰኞ ማስረከብ ነበረብኝ። አሳታሚው ካላደረስክ ለሌላ ተርጓሚ እሰጠዋለሁ ብሎኛል፤ ለወራት የለፋሁበት ሥራ ደግሞ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ዓርብ ሰንጋ ተራ ደረስኩ።

"ውይ፣ ጋሽ ታደሰ ጠዋት መጥተው ወሰዱት እኮ" አሉ እትዬ ሙና። "ላንተ የሚያደርሱት መስሎኝ።"

ተናደድኩ፤ በእነሱ ሳይሆን በራሴ። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል። ቅዳሜን ጋሽ ታደሰን ፍለጋ ስንከራተት ውዬ ማታ ላፕቶፑን ተቀበልኳቸውና፣ እሑድን ቀና ሳልል ጽፌ፣ ሰኞ ለጥቂት ደረስኩ።

ማክሰኞ ላፕቶፑን ሸጬ ኦሎምፒያ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጯ ወጣት ናት።

"ዴስክቶፕ ነበር የፈለግሁት።"

"ምን ዓይነት? ማለቴ፣ ፍጥነቱ፣ ሜሞሪው..."

"ክብደቱ" አልኳት። "ከሁሉ ከባዱ የትኛው ነው?"

በሳምንቱ ጋሽ ታደሰ ደወሉ። ላፕቶፑን እንደሸጥኩት፣ አሁን ያለኝ ከነሽቦው ከነስክሪኑ ከጠረጴዛ የማይነሳ መሆኑን ደስታዬን መደበቅ እያቃተኝ ነገርኳቸው።

"እሰይ!" አሉ። "እኛው እንመጣለን በቃ። አንተ አትቸገር።"

መጡም። ይኸው ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ታደሰ ወንበሬ ላይ ተሰይመው በአንድ ጣት ፊደል ይለቅማሉ፤ እትዬ ሙና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከደብተር ያነባሉ። "እሱማ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ነበር"፣ "የለም፣ ከጀርባው ነው" እያሉ ሲከራከሩ የፈረሰው ሰፈር እክፍሌ ውስጥ የቆመ ይመስለኛል። አልዋሽም፣ ደስ ይለኛል። ሥራ ግን ሥራ ነው፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ወደ ካፌ እወጣለሁ። አጠገቤ ወጣቶቹ ላፕቶፕ ከፍተዋል፤ እኔ በእጄ እጽፋለሁ።

ባለፈው ረቡዕ ስመለስ ዝርዝሩ አልቆ ስክሪኑ ላይ ተከፍቷል። ስሜን ፈለግሁ። አድራሻ ከሚለው ሥር "ላንቻ፣ የእድሩ ጽሕፈት ቤት" ይላል።

ላስተካክለው አሰብኩ። ወንበሩ ግን ተይዟል።