ሮዝ ወይስ ሰማያዊ፦ የተቆለፈውን መኝታ ቤት ለመቀባት የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ

የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ሮዝ ይሁን ሰማያዊ ባለመወሰኑ በቤተሰቡ ላይ የተደቀነው አደጋ ዘጠነኛ ቀኑን በመያዙ፣ ኮሚቴው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በሳሎን ተቀምጧል። ክፍሉ የፅንሱ ፆታ እስኪለይ በሰብሳቢዋ ትእዛዝ ከነአልጋው የተቆለፈ ሲሆን፣ ነፍሰ ጡሯ ሶፋ ላይ እያደረች ትገኛለች።

የተገኙ፦
1. የባል አክስት፦ ሰብሳቢና ቁልፍ ያዥ
2. የባል አባት፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፦ አባል
3. ባል፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፦ አባልና ቃለ ጉባኤ ያዥ
4. ቀለም ቀቢው፦ ታዛቢ (ከነባልዲው)
5. ነፍሰ ጡሯ፦ ለምርመራ የቀረበች

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ነፍሰ ጡሯ «ወገቤ ተቆረጠ፣ አልጋዬን ብቻ ስጡኝ» ስትል ያነሳችው ሐሳብ በአጀንዳ ያልተያዘ በመሆኑ ታልፏል።

አጀንዳ 1፦ የሆድ ቅርፅ
ሰብሳቢዋ ሆዱ ሾል ብሎ ወደ ፊት ስለወጣ ወንድ ነው ብለው፣ በአርባ ዓመት አንድም ቀን ተሳስተው እንደማያውቁ አስመዝግበዋል። የባል አባት «ወደ ፊት ካልወጣ ወዴት ይውጣ? በጀርባዋ?» ሲሉ ጠይቀው፣ «አንተ የምታውቀው ስለ ጎማ ነው፣ ዝም በል» የሚል ምላሽ ተሰጥቷቸዋል። ከኪሳቸው አንድ አሮጌ ፎቶ አውጥተው ለማሳየት ያቀረቡት ጥያቄም ወደ ስብሰባው ማብቂያ ተላልፏል።

አጀንዳ 2፦ የቀለበት ምርመራ
በክር የታሰረ ቀለበት ሆድ ላይ ተንጠልጥሎ ወዲህ ወዲያ ካለ ወንድ፣ ከዞረ ሴት መሆኑ ተብራርቷል። ቀለበቱ ዞረ። ሰብሳቢዋ የቀለበቱ ጤንነት ይጣራልኝ በማለታቸው በቀለም ቀቢው ሆድ ላይ ተሞከረ፤ ወዲህ ወዲያ አለ። ከረዥም ውይይት በኋላ ቀለም ቀቢው ወንድ ልጅ እንደሚወልድ በሁለት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል። «እማማ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ለግድግዳው ነው» ቢልም፣ ሰብሳቢዋ «የመጀመሪያ ሲሆን እንዲህ ያስክዳል» ብለው፣ ባልዲ እንዳያነሳ መክረውታል።

አጀንዳ 3፦ የቁልፍ ምርመራ
ነፍሰ ጡር ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠን ቁልፍ በክቡ በኩል ካነሳች ወንድ፣ በጥርሱ በኩል ካነሳች ሴት ነው። በወቅቱ በእጅ የተገኘው ቁልፍ ከሰብሳቢዋ አንገት ላይ ያለው የመኝታ ቤቱ ቁልፍ ብቻ ስለነበር፣ እሱው ወልቆ ተቀመጠ። ነፍሰ ጡሯ አነሳችው። አባላቱ በየት በኩል እንዳነሳችው ሲነታረኩ፣ የመኝታ ቤቱ በር ከውስጥ ሲቆለፍ ተሰማ።

ሰብሳቢዋ በሩን አንኳኩተው «ልጄ፣ በየት በኩል ነው የያዝሽው?» ሲሉ፣ «በእጄ ነዋ፣ እትዬ!» የሚል መልስ ደርሷል።

ውሳኔ፦ ከበሩ ጀርባ በቀረበው ሐሳብ መሠረት ግድግዳው እንዳለ ይቆያል። የቀለም ቀቢውን እርግዝና ጨምሮ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ ኮሚቴውም ፈርሷል። ቃለ ጉባኤ ያዡ «ትራሴን እንኳ» ሲል ያቀረበው ልመና ምላሽ አላገኘም። ስብሰባው 9፡40 ላይ ተበትኗል።

እርማት፦ በአጀንዳ 1 ሰብሳቢዋ «አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም» የተባለው፣ «ከቃለ ጉባኤ ያዡ በስተቀር» ተብሎ ይነበብ። የባል አባት ባቀረቡት ፎቶ ላይ ሮዝ ግድግዳ ተደግፎ፣ ሮዝ ቀሚስ ለብሶ የሚያለቅሰው ሕፃን ቃለ ጉባኤ ያዡ ራሱ መሆኑ ተረጋግጧል።