አክስቴ እግዜርን ያኮረፈች ጊዜ

የእግዚአብሔር ወዳጅ ሲባል ምን ዓይነት ሰው ይመስላችኋል? እኔስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፣ ጾም የማይሽር፣ ከቅዳሴ የማይቀር ሰው ይመስለኝ ነበር። እንዲያ ከሆነ፣ ዝምታ እንደሆነ አላጣሁም፤ እኔም ሳልቀርበው አልቀርም እያልኩ በልቤ እጽናና ነበር። አክስቴ ጥሩአየሁ እግዜርን እስክታኮርፈው ድረስ።

ማኮረፍ ስል የምሬን ነው። አንድ ልጇን ምንይችልን በየማለዳው «አደራህን» እያለች ለመድኃኔዓለም ትሰጠው ነበር። ጣልያን አገራችንን ከያዘ ወዲህ ግን፣ ልጁ ገብስ ጭኖ ሮብ ገበያ ሲሄድ ወታደሮቹ «የአርበኛ ስንቅ ነው» ብለው መንገድ ላይ ገደሉት። ከቀብሩ መልስ አክስቴ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ተወች። በደጁ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች፤ የተጣላችው ጎረቤት አጥሩ ላይ ቆሞ የሚያያት ነው የሚመስለው። ሳል ጥሏት የከሳች ጊዜ ደግሞ፣ «ብሞት ከዚያ አደራ በላ ግቢ እንዳትቀብሩኝ!» አለች።

እግዜርን! ጆሮዬን ያዝኩ።

ያለ ፍትሐት ልትቀበር ነው ብሎ ዘመዱ ሁሉ ተሸበረ። በአገራችን የተጣላ ይታረቃልና ሽማግሌ ተሰበሰበ፤ የንስሐ አባቷ መምሬ ይሁኔም መጡ። እሷ ግቢውን አልረግጥም ስላለች ሽምግልናው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ሆነ።

«ተይ ጥሩዬ፣ ፈጣሪ ይኮረፋል?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ታዲያ ማንን ላኩርፍ? ጣልያንን? እሱ መቼ ወዳጄ ነበርና!»

«በይ እሺ፣ ታረቂ።»

«እታረቃለሁ። በዳዩን ጥሩት!»

ሽማግሌዎቹ አማተቡ። እኔማ መብረቅ ይወርዳል ብዬ ከአክስቴ ፈንጠር ብዬ ቆምኩ፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። መምሬ ይሁኔ ብቻ «አብርሃምም ወዳጁ ስለነበር ተሟግቶታል» አሉና ተነሡ። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አንሥተው፣ በዳይ ይቅርታ ሲለምን እንደሚያደርገው፣ አንገታቸው ላይ አድርገው በፊቷ አጎነበሱ።

«ስለ እሱ እኔ አለሁ። ማሪው፣ ልጄ።»

ካህን! ድንጋይ ተሸክሞ! ስለ እግዜር! የአክስቴ ፊት አመድ መሰለ።

«ይቅር ለእግዜር በይ እንጂ!» አሉ ሽማግሌው።

የታረቀ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። እሷም «ይቅር...» ብላ ጀመረችና ቆመች። እግዜርን በእግዜር ስም እንዴት ይምሩታል?

«ይቅር ለምንይችል» አለች።

ድንጋዩን ከመምሬ አንገት በገዛ እጇ አነሣች፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በሩን ተሳልማ ገባች። ሽማግሌዎቹ ግን ማን ማንን እንደማረ እየተከራከሩ ውጭ ቀሩ።