ሦስት ሽማግሌና አንዲት አዲስ ሴዳን

እህቴ ቀድማኝ ፖስት ከምታደርገው እኔው ራሴ ልናዘዝ።

ዛሬ ሽምግልና ሄጄ ነበር። አዎ፣ እኔ! ሳቃችሁን ጨርሱና ቀጥሉ።

የእህቴ የአስናቀች ልጅ ናትናኤል ቤዛ የምትባል የጎፋ ልጅ ወደደ፣ እሷም ወደደችው። ነገሩ ሁሉ አልቆ የቀረው ወጉ ብቻ ነበር። ሦስት ሽማግሌ ሄዶ አባቷን "ልጅዎን ለልጃችን" ብሎ መጠየቅ። በቃ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት።

እህቴ ተናጋሪ አድርጋ የመረጠችው እኔን ነው። "አፍህ ዕድሜ ልኩን ሲያስቅ ኖሯል፣ አንድ ቀን እንኳ ለቁም ነገር ይዋል" ብላ።

ሁለተኛው ሽማግሌ ጋሽ ዘለቀ ናቸው፣ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ መምህር። የተመረጡት ዝም ስለሚሉ ነው። ሦስተኛው ጓደኛዬ ሰይፉ ነው። ሰይፉ ለምን ተመረጠ? እውነቱን ልንገራችሁ? መኪና ስላለው።

መኪና ስላችሁ ደግሞ ዝም ብሎ መኪና እንዳይመስላችሁ። ያቺ አዲሷ ሴዳን! የመኪና ግሩፓችን ውስጥ "ዋጋዋ አብዷል"፣ "የኋላ መብራቷ ይገድላል"፣ "ፊቷን ሳየው እንቅልፌ ይመጣል" እየተባባልን ስንት ሰው የተኳረፈባት! ሰይፉ ዝም ብሎ ሲያነበን፣ ሲያነበን ከረመና ሄዶ ገዛት። የኤሌክትሪኳን።

(አንተስ መኪና አለህ ወይ ለምትሉኝ፦ እኔ የግሩፑ አድሚን ነኝ። ዛሬ ርዕሱ እሱ አይደለም።)

ከቤት ስንወጣ እህቴ ክራቫቴን እያስተካከለች አስጠናችኝ። "ጨዋታ አታብዛ። ሳትናገር እንዳትቀመጥ። መልስ ሳትሰማ እህል እንዳትቀምስ።"

"አስናቁ፣ እኔ ሕፃን ነኝ?"

"ሕፃንማ ብትሆን በቃልህ አስጠንቼህ አርፍ ነበር" አለች።

ለማታውቁት ወጉን ልንገራችሁ። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገረው። ተቀመጡ ሲባል "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ይላል። ዋናው ደግሞ ጉዳዩን የሚያነሳው እሱ ብቻ ነው። አባትየው ለምን እንደመጣህ ቢያውቅም፣ እናትየዋ ብታውቅም፣ የሰፈሩ ባለሱቅ እንኳ ቢያውቅም፣ "ልጄን ልትጠይቁ ነው አይደል የመጣችሁት?" ማለት ነውር ነው። አንተ አፍህን ካልከፈትክ ማንም አይከፍትልህም።

እሺ። ጎፋ ደረስን።

አቶ ግርማ፣ የቤዛ አባት፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ከኋላቸው ግቢው ውስጥ ሰማያዊ የድሮ ዲኤክስ መኪና ቆማለች። ቅቤ የተቀባች ነው የምትመስለው፣ እንዲህ ታብረቀርቃለች። እጄን ለሰላምታ ዘረጋሁ።

እጄን አላዩትም። በትከሻዬ ላይ አሻግረው እያዩ ነው።

"ይቺ... ያቺ ናት?" አሉ።

ወዳጆቼ፣ እዚህ ጋ አንድ ጤነኛ ሰው "አዎ ናት፣ እንደምን ዋሉ" ብሎ ይገባል።

"ናት!" አልኩ እኔ። "ይንኳት እንጂ!"

ዞሯት። እኛም አብረን ዞርን። "እጀታዋ የታለ?" አሉ።

"ተደብቆ ነው" አለ ሰይፉ ኩራት በኩራት ሆኖ።

"ምን አጥፍቶ ነው የሚደበቀው?"

ሳቅን። ፊት ለፊቷ ቆመው ብዙ አዩዋት። "አፍንጫ የላትም እኮ! ፊቷ ልሙጥ ነው። የኋላ መብራቷ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር፣ የሠርግ አዳራሽ አስመሰሏት።"

"ኤሌክትሪክ ናት፣ ለምን ትተነፍሳለች?" አልኩ። ዲዛይን ሲነካብኝ አልወድም።

"ዋጋዋስ?"

ሰይፉ ጠጋ ብሎ ጆሯቸው ላይ ሹክ አላቸው። አቶ ግርማ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"በዚህ ዋጋ እኮ ፉሪ ቦታ ይገዛል!"

"ቦታ ላይ ተቀምጦ ሥራ አይኬድም" አልኳቸው።

"መኪና ውስጥስ ይታደራል?"

እንዲህ እየተባባልን፣ እየተነካካን፣ እየሳቅን ሳሎን ገባን። "ተቀመጡ፣ ተቀመጡ!" አሉን።

ተቀመጥን።

አዎ! ተቀመጥን! ያውም እኔ ትራስ ሁሉ አመቻችቼ።

ከዚያ ወደ ሞተር ገባን። ሞተር ውስጥ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ ታውቃላችሁ።

"እኔ ብሆን" አሉ አቶ ግርማ፣ "ይቺኑ መኪና በሃይብሪድ ነው የምወስዳት። መብራት ሲጠፋ በቤንዚን፣ ቤንዚን ሲጠፋ በመብራት።"

"ሁለቱም ሲጠፉስ?" አላቸው ሰይፉ።

"ያን ቀን ቤቴ እውላለሁ!"

እኔ ደግሞ የዚችኑ መኪና ባለ ቱርቦ ቤንዚን ዓይነቷን ያዝኩ። ለምን? እንጃ። ሁለቱ ወገን ተይዟል፣ ባዶ የቀረችው እሷ ናት። ድምፅ ከፍ አለ። ክራቫቴን ፈታሁ።

"ኧረ ሃይብሪዷም ቱርቦዋም እዚህ አገር አትመጣም!" አለ ሰይፉ።

"ብትመጣስ ብዬ ነው!" አልን እኔና አቶ ግርማ በአንድ ድምፅ።

አስቡት። ባሕር ማዶ ስላለ ሞተር ሦስት ትልልቅ ሰዎች ጎፋ ላይ ልንጣላ ነው።

ከጓዳ ሳል ተሰማ። የቤዛ እናት ወይዘሮ ዘነበች ናቸው።

እንደገና ሳሉ። ጠንከር አድርገው።

"እግዜር ይማርዎት!" አልኳቸው በበሩ በኩል። "ለዚህ ጉንፋን ዝንጅብል ነው!"

ይሄኔ ጋሽ ዘለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዝምተኛው ሰውዬ! ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን። አሁን ሳስበው ሊያድኑን የሚችሉት ያኔ ነበር፤ በሰዓቱ ግን ምንም አላሰብኩም።

"አንድ ጥያቄ አለኝ" አሉ። "በአንድ ቻርጅ ሐዋሳ ታደርሳለች?"

አለቀ።

"ኧረ የሚቀመስ አምጡ!" ብለው ተጣሩ አቶ ግርማ። ጥብስ መጣ። እጃችንን ያስታጠበችን ማን መሰለቻችሁ? ራሷ ቤዛ ናት። ፀጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ጆጉን ይዛ ፊቴ ቆመች። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። የሆነ ነገር እየጠበቀች ነበር።

"ተባረኪ ልጄ" አልኳት። "ውሃው ለብ ማለቱ!"

በላን። ደገምን።

ጠግቤ ደግሞ የባሰውን ተናገርኩ። አቶ ግርማ የድሮ መኪና እንደማያሳፍር ሲያስረዱን "የእርስዎ ዲኤክስ እኮ ከመኪና አልፋለች፣ ሙዚየም ትግባ!" አልኳቸው።

ሰውዬው ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡት።

"ቤዛ ስትወለድ ከሆስፒታል ያመጣኋት በእሷ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "እናቷ ከኋላ አቅፋታለች። እንዳትነቃብኝ ብዬ እዚህ በር እስክደርስ ከሁለተኛ ማርሽ አልወጣሁም።"

በእግዚአብሔር! አባትየው ራሳቸው የልጅቷን ስም አነሱ! በር ብቻ ሳይሆን ግድግዳው ተከፈተልኝ! ማንም ሽማግሌ እዚህ ጋ ብድግ ብሎ "እንግዲህ ቤዛን ካነሱልን..." ይላል።

እኔ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ?

"በሁለተኛ ማርሽ? ቤንዚን አልፈጀችም?"

ጓዳ ውስጥ የድስት ክዳን ወደቀ። አሁን ሳስበው የወደቀ አይመስለኝም፤ ተወርውሮ ነው።

አቶ ግርማ በር ድረስ ሸኙን፣ አቀፉን። "እንዲህ ያለ ጨዋታ ከተጫወትኩ ቆየሁ፣ እባካችሁ ደጋግማችሁ ኑ!" አሉን። መኪናዋ ውስጥ ገብተን እርስ በርስ ተመሰጋገንን። "ግሩም ሽምግልና ነበር" አለ ሰይፉ። ጋሽ ዘለቀም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጀርመን አደባባይ ስንደርስ እህቴ ደወለች። ስፒከር ላይ አደረግኳት፣ ሁሉም ይስማ ብዬ።

"እህ? ምን አሉ?"

"ሃይብሪዷ ትሻላለች አሉ።"

"ማናት ሃይብሪድ?" አለች።

ያኔ ነው የገባኝ። ሰይፉን አየሁት፣ መሪው ላይ ደርቋል። ጋሽ ዘለቀን አየኋቸው፣ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ።

"ስለ ልጅቷ ነው የምልህ! ጠይቀሃል አልጠየቅክም?"

"አስናቁ... ጨዋታው ትንሽ..."

"ስማኝ" አለች። ድምጿ ወረደ። አስናቀች ስትጮህ አልፈራም፣ ድምጿ ሲወርድ ነው የምፈራው። "ልጅቷ አሁን ለናቲ ቴክስት አድርጋለታለች፣ ላንብብልህ። 'ሽማግሌዎቻችሁ መጥተው ሄዱ። በልተው፣ ስቀው፣ ስለ እኔ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጡ። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ በሰው ፊት እንዲህ ከምታደርጉኝ አንተው ራስህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?' ይላል። ቢደውልላት አታነሳም። ልጄ እዚህ ፊቴ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።"

ስልኩን ዘጋችው።

እዚህ ጋ ወዳጆቼ ለቀልድ የሚሆን አልነበረኝም። ያቺ ልጅ ጆጉን ይዛ ስታየኝ ነው የመጣብኝ።

አደባባዩን መዞር ጀመርን። አንዴ ዞርን፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስንነታረክ። እንደገና ዞርን፣ ጎማ ፈነዳ ብለን እንዋሽ ወይ ስንባባል። ትራፊኩ በመጠርጠር ሲያየን ጋሽ ዘለቀ ጮሁ። አርባ ዓመት ያስተማሩበትን ድምፅ ዛሬ ሰማሁት፦ "መልሰው! ሰይፉ፣ ወደ ጎፋ መልሰው!"

በሩን አንኳኳን። አቶ ግርማ ከፈቱ። ኮታቸውን አውልቀዋል፣ ፊታቸው ተገርፎ ያለቀሰ ተማሪ መስሏል።

"እኔም እኮ ረሳሁት" አሉኝ በሹክሹክታ። "ጉድ ሆኛለሁ።"

ሳሎን መሀል ወይዘሮ ዘነበች እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ሦስታችን ተሰለፍን።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አልኩ።

"ማን ተቀመጡ አላችሁ?" አሉ።

በቃሌ ይዤው የነበረው ያማረ ንግግር ጠፋ። አንድም ቃል የለም። የቤዛ ክፍል በር ትንሽ ገርበብ ብሏል። ወደዚያ እያየሁ ነው የተናገርኩት።

"ልጃችን ናትናኤል ቤዛን ይወዳታል። ሐሳቡን አልቀየረም፣ እኛ ነን ጭንቅላታችንን መኪና ውስጥ ረስተን የገባነው። ልጁ ረጋ ያለ፣ ሠራተኛ ልጅ ነው፣ እናቱን አክባሪ ነው፣ በአጎቱ አልወጣም። እባካችሁ ስጡን። እምቢ ካላችሁም በኔ ምክንያት አይሁን፣ እለምናችኋለሁ።"

ድምፄ ተሰበረ። ሰው ሳስቅ የኖርኩት ሰውዬ!

አቶ ግርማ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። በሽምግልናው ሕግ መልሱን የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ግን ሕጉ ታግዷል።

"ተመካክረን እንነግራችኋለን፣ በሚቀጥለው እሑድ ኑ" አሉ ወይዘሮ ዘነበች። ተንፈስ ልንል ስንል ጣታቸውን አነሱ። "ቆዩ! ያቺን መኪና ደጄ ላይ እንዳላያት። በታክሲ ኑ። ባለቤቷም እዛው ከእሷ ጋር ይቅር። አንተ ተናጋሪው ደግሞ ለሠርጉ ትጠራለህ፣ ለሽምግልና ግን በቃህ። ሐዋሳ ታደርሳለች ወይ ያሉትም ይረፉ።"

ከበሩ ኋላ ሳቅ ፈነዳ። የቤዛ ናት። እያለቀሰች ነው የሳቀችው፣ ግን ሳቅ ነው። እግዜር ይስጣት። ጀሞ ሳንደርስ የናቲን ስልክ አነሳችለት።

አሁን ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሦስታችንም ታግደናል። እህቴ ማምሻውን መኪና የማይወድ፣ የተከበረ፣ አፉን የሚቆጣጠር ወንድ ፍለጋ ጀሞን አዳረሰችው። በመጨረሻ ከፊታችን ብሎክ ያሉ አንድ ፓስተር አገኘን። ጭምት ሰው። የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው፣ አዘኑ፣ ጸለዩልን፣ እሺ አሉን። አመስግነን ልንወጣ ስንል በር ላይ ያዙኝ።

"ወንድሜ፣ ሰውዬው ግን ዲኤክሷን አይሸጧትም?"

እህቴ ሰምታለች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ቤቷ ገብታ ሁለት ጓደኞቿ ጋ ደወለች፣ አሁን ይሄን ስጽፍ ሦስቱም ሳሎን ተቀምጠው ለእሑድ የሚለብሱትን እየመረጡ ነው። ሴት ሽማግሌ ታይቶ አይታወቅም ልላት ብዬ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ወጉን ያፈረሰችው እሷ ናት ወይስ እኛ?