ቶክኑም ዋስ ይጥራ

ሐጂ ኢድሪስ ዕድሜ ልካቸውን የሚታገሉት ችግር አንድ ነው፤ ሰው ቶሎ ያምናል። በእሳቸው አስተያየት የረኃቡም፣ የክሱም፣ የፍቺውም መነሻ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አይጠፋም። አዲስ መንገድ ሲመረቅ ቁጢጥ ብሎ አስፋልቱን በጥፍሩ የሚፍቀው እሱ ነው። ሐኪሙ "ደህና ነዎት" ሲለው "በምን አወቅህ?" ብሎ ሐኪሙን የሚመረምረውም እሱ ነው። አንድ ከተማ ያለ ወፍጮ ቤት ዓመት ሊከርም ይችላል፤ ያለ ተጠራጣሪ ግን አያድርም።

የደብረ ታቦር ዋና ተጠራጣሪ፣ ክቡር ሐጂ ኢድሪስ፣ ከእብናት ከብት እያመጡ የሚነግዱ ሰው ናቸው። ሬዲዮ "ዛሬ ይዘንባል" ካለ ጃንጥላቸውን ቤት ትተው ይወጣሉ። ከዘነበባቸውም እየተንጠባጠቡ "አሁን ይሄ ዝናብ ነው?" ይላሉ። የእጅ ሰዓታቸውና የመስጊዱ ሰዓት ካልተስማሙ ሁለቱንም ትተው ፀሐይ ላይ ቆመው ጥላቸውን ይለካሉ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ተረት እሳቸው ያወጡት ይመስል በባለቤትነት ነው የሚናገሩት። የነገራቸው ሁሉ ማሰሪያ ግን አንዲት ጥያቄ ናት፤ "ዋሱ ማነው?"

ጥያቄዋ ከከብት ተራ የመጣች ናት። ከማታውቀው ሰው በሬ ስትገዛ ሻጩ ዋስ ይጠራል፤ በሬው የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘ ዋሱ ይጠየቃል። ሐጂ ይህን የበሬ ሕግ አንሥተው በዓለም ላይ ባለ ነገር ሁሉ ላይ አወጁት። እኔና ጓደኛዬ ሠናይት ቶክን ይዘን ብቅ ያልነው እንግዲህ እኚህ ሰው ባሉበት ከተማ ነው።

ነገሩን ላስረዳ፤ ማስረዳት ደስ ይለኛል። የጉና ገበሬ ማስቀመጫ ስለሌለው የዘር ድንቹን በመኸር በርካሽ ይሸጣል። መትከያው ሲደርስ ያንኑ ዘር በውድ መልሶ ይገዛል። እኔና ሠናይት የምንሠራበት ማኅበር ተራራው ሥር ብርሃንና ነፋስ የሚገባበት መጋዘን ሠራ። ገበሬው አንድ ኩንታል ሲያስገባ ስልኩ ላይ አንድ ቶክን ይገባለታል። ቶክኑ ገንዘብ አይደለም፤ "ይህ ኩንታል የእገሌ ነው" የሚል ደረሰኝ ነው። አንበሳሜ ላለ ሰው ቢያስተላልፈው ድንቹ ከመደርደሪያው ሳይነቃነቅ ባለቤቱ ይለወጣል። ደረሰኙ ደግሞ በአንድ ቢሮ መሳቢያ አልተቆለፈም። በብዙ አገር ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ እኩል ተጽፏል፤ አንዱ ልፋቀው ቢል ሌሎቹ ይመሰክሩበታል። አያምርም?

ለሕዝቡ አላማረም። ቀደም ብሎ "በስልክ እጥፍ ታገኛላችሁ" የሚል ነገር በከተማችን አልፎ ብዙ ቤት አስለቅሶ ሄዷል። በዚህ ላይ መጋዘኑ እስከ ኅዳር ካልሞላ ማኅበሩ ወጪውን መሸፈን አቅቶት ሊፈርስ ነው። ከሁሉ ቀድመው አምነውን አንድ ኩንታል ያስገቡት የጉናዋ ወይዘሮ አሰለፈችም የቀረውን ዘራቸውን በበቅሎ ጭነው፣ ዋጋው በወደቀበት ሰሞን ገበያ ሊያወጡት ነው።

ስለዚህ ስብሰባ ጠራን። እኔ በሥዕል፣ በቀስት፣ በልዩ ልዩ ቀለም አስረዳሁ። ሐጂ ከፊት ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"አንተ ዳኛቸው፣ አነጋገርህ ያምራል። ዋሱ ማነው?"

"ሐጂ፣ ይሄ ዋስ አያስፈልገውም። ዋሱ በኮምፒውተሮቹ ላይ ያለው ሒሳብ ነው።"

"ሒሳብ ይታሰራል?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። "አይታሰርም" አልኩ።

"እንግዲያ ምኑን ዋስ ሆነው? ዋስ ማለትኮ ነገር ሲበላሽ ሄደህ በሩን የምታንኳኳው ነው። የሒሳብን በር የት ሄጄ ላንኳኳ?"

ከስብሰባው ወጥቼ ዋስ ፍለጋ ሄድኩ። የጉና ገበሬ የሆኑት አጎቴ ጋሽ ፈንታሁን "ከመጋዘኑ የጎደለውን እኔ እተካለሁ" ብለው በሽማግሌ ፊት ቃል ገቡ። መጋዘኑንም ቅዳሜ ቅዳሜ ለፈለገ ሁሉ ክፍት አደረግነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሐጂ መጡ። ድንች አሸተቱ፣ መደርደሪያ ነቀነቁና ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰው በተሰበሰበበት መሐል ቆሙ።

"ጎበዝ! የአሰለፈች አንድ ኩንታል ድንች እኔ ግቢ ነው ያለው። እስኪ ስልኳን እዩላት፤ የት ነው ይላል?"

ወይዘሮ አሰለፈች ስልካቸውን ለሠናይት ሰጡ። ሠናይት አይታ ደነገጠች። "መጋዘን ነው ይላል።"

"ቶክኑ አልጮኸም እኮ!" አሉ ሐጂ፣ ከልባቸው አዝነው። "ስሰርቀው ይጮኻል ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ነበር።"

"ሐጂ፣ ድንቼን ሚስት አግኝተውለት ሊድሩት ነው የወሰዱት?" አሉ ወይዘሮ አሰለፈች። ከንፈራቸው ቢስቅም ዓይናቸው አልሳቀም።

ዘበኛውን ማሩን ድንቹ እንዴት እንደወጣ ጠየቅነው። "ሐጂ ኢድሪስ 'አውጣልኝ' ሲሉኝ እምቢ ልበል? እሳቸውን ማን ይጠረጥራል?"

ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። አንዳንዱ ያመጣውን ድንች መልሶ መጫን ያዘ። ሥዕሌንና ቀስቴን ትቼ እውነቱን ተናገርኩ፤ ኮምፒውተሩ የተጻፈለትን እንጂ ድንቹን አያይም፤ ድንቹን መጠበቅ ያለበት ሰው ነው።

"እንግዲያው ድንቹን ይመልሱልን፣ ሐጂ" አለች ሠናይት።

"አልመልስም! ሌባ ይመልሳል? ዋሱ ይምጣ!"

ጋሽ ፈንታሁን ያን ቀን የራሳቸውን ዘር ሊያስገቡ መጥተው ነበር። ከበቅሏቸው አንድ ኩንታል አወረዱና በወይዘሮ አሰለፈች መደርደሪያ ላይ ዘረገፉት። ከዚያ ዞረው እኔን ያዩበት አስተያየት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ጉርምርምታው ቆመ። ሐጂ መደርደሪያው ድረስ ሄደው ድንቹን በእጃቸው ነኩት። "ይሄ ዋስ ነው" አሉ። "ሁለተኛ ዋስ አድርጋችሁ እኔን ጻፉኝ።"

የወሰዱትን በዕለቱ ለአጎቴ መለሱ። እኛም ቶክኑ በባለቤቱ ፈቃድ ሳይሰረዝ አንድ ድንች እንዳይወጣ ደነገግን። በሩ በሁለት ቁልፍ እንዲዘጋ፣ አንዱን ማሩ፣ ሌላውን ወይዘሮ አሰለፈች እንዲይዙት አደረግን። ብዙ ሰው "እኚህ ሰውዬ አላሠራ አሉህ" ይለኛል። እኔ ግን ሐጂን ባየሁ ቁጥር አመሰግናለሁ። እውነተኛው ሌባ ሳይደርስ የእኛው ሌባ ቀደመልን። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ጭነት የያዘው ሰው እስከ አስፋልቱ ይሰለፋል፤ መጋዘኑ ኅዳር ሳይገባ ሊሞላ ነው፤ ማኅበሩም ተረፈ።

ሁላችንም ስንደሰት ያልተደሰቱት ሐጂ ብቻ ናቸው። ተሰላፊውን ለምን እንደመጣ ሲጠይቁት "ሐጂ ኢድሪስ ካመኑ እኛ ምን ቀረን?" ይላቸዋል። ይህን ሲሰሙ እንቅልፍ አጡ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በመጋዘኑ በር ላይ ዱካ የምትባል በርጩማ አስቀምጠው ይቀመጣሉ፤ ጥያቄ ያልጠየቀ ሰው አያስገቡም። ሠናይት ሥራ አዘገዩብን ብላ ትነጫነጫለች። እኔ በሥዕልና በቀስት ያልሆነልኝን እሳቸው በዱካ ሲሠሩት እያየሁ እደሰታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጥያቄም ሳይጠይቅ ከበሩም አልንቀሳቀስ ያለ አንድ ገበሬ ገጠማቸው።

"ጠይቀኝ እንጂ፣ ወንድሜ።"

"ምን እጠይቅዎታለሁ? አምኜዎታለሁ።"

"ድንቹን የሰረቅሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? ሌባው በር ላይ ተቀምጦ እያየኸው ትገባለህ?"

"እርስዎ ቢሰርቁም ለበጎ ነው።"

ሐጂ ራሳቸውን ያዙ። "እሺ፣ አይጥ ቢበላውስ? በል፣ 'አይጥ ቢበላውስ' በለኝ።"

"እርስዎ እያሉ አይጥ የት ይደርሳል፣ ሐጂ!"

ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም። ከዱካቸው ፈቀቅ ብለው ለሰውየው ቦታ ለቀቁለት፤ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

"ና ተቀመጥ" አሉት። "ከመጀመሪያው እንጀምር።"