ያለ ጉዳይ ወደ ጎጆ

በእኛ አገር ሰው በእግሩ ሲሄድ ጉዳይ አለው። ወይ ገበያ፣ ወይ ለቅሶ፣ ወይ ጤና ጣቢያ፣ ወይ የጠፋ በግ። መዝናናት የፈለገ ይቀመጣል። እርስዎም ያለፈውን እሁድ እንዴት እንዳሳለፉ ቢጠየቁ የሚናገሩት የተቀመጡበትን ቤት ስም ነው።

ባለቤቴ ሰናይት ግን ስልኳ ላይ ቪዲዮ አየች። የፈረንጅ ልጆች ከእናት አባታቸው ጋር ወንዝ ዳር ዳሩን ይዘው ወደ ተራራ መንደር ይወጣሉ፤ የሚያባርራቸው የለም። "ከአምቦ ከመልቀቃችን በፊት እኛም አንድ ቀን እንዲህ እንሂድ" አለች።

መልቀቅ ያለችው የእኔን ነገር ነው። አስተማሪ ነኝ። ሁለታችንም ደሴ ተወልደን በሥራ አምቦ ገባን፤ ቤዛንና ናታንን የወለድነው እዚሁ ነው። አሁን አዲስ አበባ ሥራ ተገኝቶልኛል፤ የቀረኝ እሺታዬን መላክ ብቻ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ቤዛ ወሬውን ስትሰማ "እኔን ማን ጠየቀኝ?" አለች፤ ከዚያ ወዲያ ለእኛ የሚተርፍ ቃል አልነበራትም።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ጊንጪ ደረስን፤ ከጊንጪ ጎጆ ወደምትባለው ከተማ የሚሄደውን መኪና ተሳፈርን። ከተማው ሳንደርስ፣ መንገዱ ወንዙን የሚያገኝበት ላይ "ወራጅ አለ" አልኩ። ረዳቱ ግራ ቀኝ አየ። ቤት የለም።

"እዚህ ማን አላችሁ?"

"ማንም። ጎጆ በእግራችን ልንሄድ ነው።"

"መኪናው እኮ ጎጆ ነው የሚሄደው" አለ፣ በትዕግሥት።

ወረድን።

ወንዙ ቀጭን ነው፤ የውሃው ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብራል። ናታን እጁን ከተተና አለቀሰ፤ እንደገና ከተተ። ወዲያና ወዲህ ገብስና ድንች ነው። ያገኘን ሁሉ ያቆመናል። እኔ በአፋን ኦሮሞ ሰላምታ ላይ የሚደርስብኝ የለም፤ "አካም ጅርቱ" ብዬ ደህንነታቸውን ከነከብቶቻቸው እጠይቃለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው አምቦ ያደገችው የቤዛ ነው። አንድ ሽማግሌ በረጅሙ ጠየቋት፤ በረጅሙ መለሰችላቸው። ሽማግሌው በሐዘኔታ አዩኝ።

"ምን አልሻቸው?"

"መኪና ተበላሽቶባቸው ነው አልኳቸው። እውነቱን ብነግራቸው ያፍሩልሃል።"

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። ሲያባራ ወንዙ የጠዋቱ ወንዝ አልነበረም፤ ደፍርሶ ያጓራል፤ የመጣንበት መንገድ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ናታን ጀርባዬ ላይ ይንቀጠቀጣል። "ልጆቼን ምን ልሁን ብዬ አመጣኋቸው" አለች ሰናይት፤ ድምፅዋ ተሰበረ። ቤዛ አልጠበቀችንም። ዳገቱን ሮጣ ወጣችና ከአንድ ቤት ደጃፍ ተጣራች። አዴ ጫልቱ፣ ወይዘሮ ጫልቱ እንደማለት፣ የሚባሉ ሴት ወጡ፤ ምንም ሳይጠይቁ ናታንን ከጀርባዬ ተቀብለው በጋቢያቸው ጠቀለሉት።

እሳት ዳር ተቀመጥን። የተቀቀለ ድንች ከዳጣ ጋር ቀረበ። ቤዛና አዴ ጫልቱ ወሬ ያዙ፤ ልጄ እጇን እያወናጨፈች ስትስቅ አየሁ። ቤታችን ውስጥ እንዲህ ስትስቅ መቼ እንዳየኋት ማስታወስ አቃተኝ። ሰናይትም ድንቹን ይዛ ታያታለች፤ መብላቱን ረስታዋለች።

በመጨረሻ አዴ ጫልቱ ወደ እኔ ዞረው በቀስታ ረጅም ነገር ተናገሩ። ድምፃቸው መጨረሻው ላይ ከፍ ስላለ ጥያቄ መሆኑ ገባኝ። ስብሰባ ላይ ግራ ሲገባኝ እንደማደርገው አንገቴን ነቀነቅኩና "ኤዬ" አልኩ። አዎ ማለቴ ነው። ሴትየዋ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ቤዛ ድንቿን ትልጣለች።

በዳገቱ በኩል ጎጆ ገብተን በመኪና ስንመለስ ቤዛን ጠየቅኳት። "ምን ነበር ያሉኝ?"

"'ይቺ ልጅ የኛ ልጅ ናት፤ እዚሁ ነው አይደል የምታሳድጓት?' አሉህ።"

"እኔስ?"

"አዎ አልክ። መረቁህ።"

ሰናይት በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች "ድንቻቸውን በልተህ የሰጠኸው ቃል ነው" አለች። እየቀለደችብኝ እንደሆነ ብዬ ፊቷን ልይ ብል አልዞረችም።

አዴ ጫልቱ በእርግጥ እንዲያ ብለው ይሁን፣ ወይስ የድንች ዋጋ ጠይቀውኝ ይሁን፣ የምታውቀው ቤዛ ብቻ ናት። ቋንቋ የማያውቅ ሰው ይግባኝ የለውም። አዲስ አበባ ላሉት ሰዎች አልመጣም ብዬ ጻፍኩ። ለምን ብለው ደወሉ። ቃል ገብቼ ነው አልኳቸው። ለማን ሲሉኝ ግን ስልኩ በጣቴ ተቋረጠ፤ ኔትወርኩ ነው ብለዋል መሰለኝ።