በጸጥታ የተበላ ሙቹዋ

«በማዕድ ላይ አፍ የተፈቀደለት አንድ ሥራ ብቻ ነው።» ይህን ሕግ የተማርሁት ገና የፊት ጥርሴ ተነቅሎ ሳይተካ፣ በአዳሪ ትምህርት ቤት የምግብ አዳራሽ ውስጥ ነው። ያስተማሩን ሰው ምክንያቱን አልነገሩንም፤ ምክንያት የተነገረለት ሕግ ምክር ይሆናል ብለው ያምኑ ነበር። እኔም አምናለሁ። እናንተ የዛሬ ዘመን ሰዎች «ማዕድ መጨዋወቻ ነው» እንደምትሉኝ አላጣሁትም፤ ትን ሲላችሁ ደግሞ ጀርባችሁን የሚመታላችሁ ሰው ትፈልጋላችሁ። አበው «ዝም አይነቅዝም» ያሉት በከንቱ አይደለም። እህል ይነቅዛል፣ ጥርስ ይነቅዛል፤ ዝምታ ግን ባስቀመጡት ቦታ እንዳለ ይገኛል።

ሕጉን ይዤ አደግሁ፣ ይዤ አስተማርሁ፣ ይዤ አገባሁ። በሶዶ ከተማ ርዕሰ መምህር ሆኜ ለረጅም ዘመን ሳገለግል፣ በትምህርት ቤት ያጸናሁትን ሥርዓት በቤቴ ላላላው አልችልም ነበርና፣ ልጆቼ ትዕግሥትና ጳውሎስ እጃቸውን ታጥበው ከተቀመጡበት ቅጽበት አንሥቶ እስኪነሡ ድረስ ትንፍሽ አይሉም ነበር። በምሳ ሰዓት በደጃችን የሚያልፉ ጎረቤቶች ቤቱ ሰው የሌለበት ይመስላቸው እንደነበር ኋላ ሰምቻለሁ። ሕጉን በራሷ ዘዴ የምታልፈው ባለቤቴ ማርታ ብቻ ነበረች። አብራን አትቀመጥም። ከማጀቱ በር ተደግፋ ቆማ የእያንዳንዳችንን እጅ ትመለከታለች፤ የማን እጅ ወደየትኛው ምግብ እንደተመላለሰ፣ የማን እጅ እንደዘገየ አይታ የነገውን ምሳ ትወስናለች። ከአፋችን ቃል ሳይወጣ የምንወደውን ታውቅ ነበር።

ማርታ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን እበላለሁ። ሕጉ በቤቴ ውስጥ እንደ ዛሬ ተከብሮ አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ጊፋታ፣ የወላይታ ልጅ በመስከረም ከያለበት ወደ አባቱ ቤት የሚመለስበት በዓላችን፣ ሲቃረብ ሐዋሳ የምትኖረው ልጄ ትዕግሥት ደወለች። ጤናዬን ጠየቀች፤ የደም ግፊቴን ጠየቀች፤ የዝናቡን ሁኔታ ጠየቀች። ሰው ዝናብ ሲጠይቃችሁ ዋናው ጉዳይ ከኋላ እየመጣ ነው። «አባባ፣ ዘንድሮ እርስዎ አይልፉ» አለች። «ሶዶ ጥሩ ጥሩ ሆቴል አለ፤ ሁላችንም እዚያው ተገናኝተን ምሳ እንብላ።»

በጨዋ አንደበት የተነገረ ነገር ነው፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ይሁን እንጂ ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ ሰበብ ሳዳምጥ የኖርሁ ነኝና ከቃሉ በስተጀርባ ያለው ተሰማኝ። ዘንድሮ በሆቴል የበላ ለከርሞ በሆቴል ያድራል፤ ከዚያ ወዲያ በዓሉን በስልክ ያከብራል። ገበታ ከቤት ከወጣ ልጅም ከቤት ይወጣል። በምግብ ክፍሌ የተደረደሩት ወንበሮች ደግሞ የሚቀመጥባቸው ካጡ ቆይተዋል።

«በቤቴ ይበላል» አልሁ።

«ማን ይሠራዋል?»

«እኔ።»

«እርስዎ?» አለች። ኋላ ግን ተስማማን፤ ዘንድሮ በእኔ ቤት እንሞክረዋለን፣ ካልሆነልን ከመጪው ዓመት ጀምሮ በዓሉ ሐዋሳ፣ እሷ ቤት ይሆናል። በግልጽ አማርኛ፣ ፈተና ተሰጠኝ ማለት ነው።

በእኛ አገር ለጊፋታ የወንድ ድርሻ በሬ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ተሰባስቦ ይገዛል፣ ያርዳል፣ ይካፈላል። ቅቤ ማጠራቀም፣ ሙቹዋ መሥራትና ዳታ መፍጨት የሴት ነው። ዳታ ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ተፈጭቶ ለጥሬ ሥጋ ማባያ የሚሆነው ነው፤ ሙቹዋ ደግሞ ቆጮ ተጨምቆ፣ ደቅቆና በስሎ በተነጠረ ቅቤ የሚታሸው፣ ከሌለ በዓሉ በዓል የማይባልለት ምግብ ነው። እንግዲህ በእኔ ዕድሜና በእኔ ኮት ወደ ገበያ ወረድሁ። ቅቤ ሻጮቹ በእጄ ጀርባ ላይ ትንሽ ትንሽ እየቀቡ አስሸተቱኝ። ዐዋቂ መስዬ ቅንድቤን ሰብሰብ አድርጌ አሸተትሁ፤ ሁሉም ቅቤ ቅቤ ይሸታል። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ በብብቴ ይዤ ስወጣ፣ ዛሬ ባጃጅ የሚነዳ የቀድሞ ተማሪዬ አየኝና ቆመ።

«ጋሼ፣ ወጥ ሠሪ ቀጠሩ እንዴ?»

«አዎን» አልሁት። «ጡረተኛ ነው።»

በበዓሉ ዋዜማ የማርታ ታላቅ እህት ዘነበች ከቦዲቲ በሚኒባስ መጣች። በዚህ ምድር ላይ እኔን የማትፈራ አንዲት ሰው ብትኖር እሷ ናት። ልታግዘኝ መምጣቷ ነበር፤ እኔ ደግሞ እጇን እንዳታስገባ አስቀድሜ ከለከልሁ፤ ተፈታኝ ከሌላ ሰው ወረቀት አይገለብጥም። እሷም ዱካ ላይ ተቀምጣ ዳታውን ስፈጭ በአንክሮ ትመለከተኝ ጀመር።

«ቃሪያው ምን አጠፋ፣ ዳይሬክተር?» አለች ጥቂት ቆይታ። «እየፈጨኸው ነው ወይስ እየገረፍኸው?»

መልስ ልሰጣት ቀና ስል መነጽሬ ተንሸራተተ፤ እሱን ልመልስ ስል በዚያ እጅ ዓይኔን ነካሁት። ማርታን ከቀበርን ወዲህ በሰው ፊት እንባ ያፈሰስሁት ያን ዕለት ነው፤ እሱም በቃሪያ። ዘነበች ቀልዷን ተወችና ውኃ አምጥታ ፊቴን አጠበችልኝ።

በማግሥቱ ጧት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ከጸሎት ቤት ቀርቼ ሙቹዋውን አሸሁ። ዘነበች ለጸሎት ቤት ተሰናድታ ስትወጣ ከድስቱ አጠገብ ቆም አለች። «ዳይሬክተር፣ አንዲት ነገር…» ብላ ጀመረች።

«በምግብ ላይ አይወራም» አልኋት።

ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች። እኔም ሥራዬን ፈጸምሁ። አልቀመስሁትም፤ በአዳሪ ትምህርት ቤት ከድስት መቅመስ ስርቆት ነበር፤ ሳይጸለይ መቅመስ ደግሞ ከስርቆትም የከፋ ነው።

ረፋዱ ላይ ደረሱ፤ ትዕግሥት ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ ጳውሎስም ከአዲስ አበባ መኪናውን ይዞ። ሳሙኝ፣ ከስተዋል አሉኝ፣ ማጀቱ ንጹሕ ነው አሉኝ። ከዚያም ተቀመጡ። ጸለይሁና ከእነሱ ጋር በመቀመጥ ፈንታ፣ ለምን እንደሆነ ሳላስበው፣ ሄጄ ከማጀቱ በር ተደግፌ ቆምሁ።

ዝም ብለው በሉ። ሁለቱ ሕፃናት እንኳ ትንፍሽ አላሉም፤ እናታቸው በመንገድ ላይ እንዳስጠነቀቀቻቸው ያስታውቃሉ። ሥጋው በዳታ ተነከረ፤ ሙቹዋው በጣት ተቆረሰ፤ የትዕግሥት ባል ውኃ ጠጣ፤ ደግሞም ጠጣ። ዳታው በርትቶበት ይሆን? ወይስ ጣፍጦት? የጳውሎስ እጅ ወደ ሙቹዋው ሄዶ ጥቂት ቆመና ቆረሰ። ለምን ቆመ? ማርታ በየቀኑ ታነብበው የነበረውን መጽሐፍ ገልጬ ቆሜአለሁ፤ ፊደሉን ግን አላውቀውም። ከመካከላቸው አንዱ ሕግ ጥሶ አንዲት ቃል ቢናገር፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይቅር ባልሁት ነበር። አልጣሱም። ሰሃኑን ሁሉ ግን ጨረሱት፤ ምንም አላስተረፉም። እኔም በልቤ ፈተናውን አለፍሁ፣ ለከርሞም ይመጣሉ አልሁ።

በዚህ መካከል ዘነበች ከጸሎት ቤት ተመልሳ እጇን ታጠበችና ለእሷ ከተቀመጠላት ሰሃን ሙቹዋ ቆረሰች። አላመጠች። አቆመች። ዳታውን በጣቷ ጫፍ ቀመሰች።

«ጨው የለውም» አለች። «እዚህም የለም። ልነግርህ የነበረው ይኸንን ነበር።»

ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤ የእኔው ከነጭራሹ ከጣሳው አልወጣም። ወደ ልጆቼ ዞርሁ። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

ትዕግሥት ባዶ ሰሃኗን እያየች፣ በለሆሳስ፣ «እየበላን ነበር፣ አባባ» አለች።

መጀመሪያ ጳውሎስ ነው የሳቀው። የጨረስነውም ማስተረፍ ስለሚያስቀጣ ነው አለ፤ ከዚያ የትዕግሥት ባል በስንት ብርጭቆ ውኃ እንዳወራረደው መናገር ጀመረ፤ ሕፃናቱም አፋቸው ተፈትቶ ምግቡ ለምን ሣር ሣር እንደሚል ዘነበችን ጠየቋት፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ አወሩ። ያ ክፍል ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። እየሮጥሁ ገብቼ የጨው ጣሳውን ይዤ ወጣሁ። የልጆቼ ሰሃኖች ግን ባዶ ነበሩ፤ እነሱም እጃቸውን ለመታጠብ ተነሥተው ነበር።

ትዕግሥት እጇን እያደረቀች መጥታ ትከሻዬን ያዘች። ስምምነታችንን አልረሳችም፤ መርሳት አላስተማርኋትም። «ለከርሞ እኛ ጋ ነው፣ አባባ» አለች። «መኪና እንልክልዎታለን። እርስዎ መቀመጥ ብቻ ነው።»

«ተፈረደብህ፣ ዳይሬክተር» አለች ዘነበች። ይግባኝ አልጠየቅሁም። ሕግ ያወጣ ሰው ይግባኝ ሲል አያምርበትም።

ሳይመሽብን ብለው ከቀኑ በስምንት ሰዓት ተነሡ። ዘነበችንም ቦዲቲ ሊያወርዳት ጳውሎስ ይዟት ሄደ። መኪኖቹ ከአስፋልቱ ጥግ እስኪታጠፉ በሩ ላይ ቆሜ እጄን አወዛወዝሁ፤ ከዚያ ገብቼ ሰሃኑን አጠብሁ፤ ወንበሮቹን ወደ ጠረጴዛው መልሼ አስጠጋሁ።

ማታ ከድስቱ ሥር የቀረችውን ሙቹዋ አሙቄ፣ ጨው ጨምሬ ዳግመኛ አሸኋት። ተቀመጥሁ፤ ጸለይሁ፤ ቆረስሁ። ጥሩ ነበረች፤ ከማርታ ባትስተካከልም በእርግጥ ጥሩ ነበረች። «ጣፍጧል» አልሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ጉርሻው በአፌ እያለ።

የሚገሥጸኝም ሆነ «እውነትህን ነው» የሚለኝ አልነበረም።