የካውያው ችሎት

በየሰፈሩ አንድ ሰቃይ አለ። ሰው ሰቅሎ አያውቅም፣ ዶሮ እንኳ ማረድ ይፈራል፤ አፉን ከከፈተ ግን ገመድ ነው። አውቶቡስ ቢዘገይ ሹፌሩ ይሰቀል። መብራት ቢጠፋ ኃላፊው ይሰቀል። ወተት ላይ ውኃ የጨመረችው ሴትዮማ፣ እሷስ በአደባባይ። እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም የሚል ካለ ምናልባት ራሱ ነው።

ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ላውንደሪ ውስጥ የሚሠሩት ሽማግሌ ልብስ ተኳሽ ግን ከሰቃዮች ሁሉ ይበልጣሉ። የዳኞቹን ጥቁር ካባ የሚተኩሱት እሳቸው ናቸውና። በእሳቸው እምነት ሥልጣን ከዳኛው ወደ ካባው፣ ከካባው ወደ ካውያው፣ ከካውያውም ወደ ተኳሹ እጅ ይተላለፋል። ደንበኞች ለቀልድ «ክቡርነትዎ» ይሏቸው ጀመር፤ እሳቸው ቀልድ መሆኑን ሳያጣሩ ተቀበሉት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ክቡርነታቸው የሚያስችሉት በእንፋሎት መሃል ነው። በግራቸው የውኃ ጣሳ፣ በቀኛቸው ካውያ፣ ከፊታቸው የተዘረጋ ካባ። ከጣሳው ይጎነጫሉ፤ ጉንጫቸውን ነፍተው ጥቂት ያስባሉ፤ ከዚያ ውኃውን በካባው ላይ እንደ ካፊያ ይረጩና ካውያውን እያሳረፉ «ይሰቀል!» ይላሉ። ጨርቁ ጭስስ ይላል። ይግባኝ የለም።

ይግባኝ የምትል አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። በመስኮቱ ሥር ተቀምጣ የወለቀ ቁልፍ የምትተክል፣ የተተረተረ ገበር የምትሰፋ ጠጋኝ። ክቡርነታቸው «የሌባ ጠበቃ» ይሏታል። እሷም ለብዙ ዓመት ስትከራከራቸው አንድ ዘዴ ለምዳለች፤ የምትናገረው አፋቸው ውኃ ሲሞላ ነው።

«ጋሼ፣ ደግሞ ዛሬ ማን ተገኘ?» ትላለች።

«የሆስፒታል ብርድ ልብስ ሰርቆ የሸጠ። ይሰቀል!»

«በብርድ ልብስ ሰው ይሰቀላል?»

«በብርድ ልብስ አይደለም፣ በገመድ ነው። አንድ ሲሰቀል ሌላው ይፈራል።»

ይጎነጫሉ። እሷ ታዲያ ጊዜ አታጠፋም። «አምና ሰቅለው የለ እንዴ? ዘንድሮ ማን ፈራ? ደግሞስ ስህተት ቢሆን? እኔ አጣምሜ የሰፋሁትን እተረትረዋለሁ፤ እርስዎ ያቃጠሉትን ማን ይመልሰዋል?»

ውኃው ከካባው አልፎ ግድግዳውን ያጥባል። «እኔ አቃጥዬ አላውቅም!»

«ያ ቢጫ መጋረጃስ?» ትላለች የላውንደሪዋ ባለቤት ከባንኮኒው ኋላ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ችሎቱ ለትንሽ ጊዜ ይረበሻል። ጠጋኟ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ትቀጥላለች። «እሺ፣ ገመዱን ማን ይጎትት? እርስዎ ይጎትታሉ?»

«ለእሱ ሠራተኛ አለው።»

«ሠራተኛውስ ማታ ቤቱ ሲገባ ልጁን በየትኛው እጁ ነው የሚያቅፈው?»

ክቡርነታቸው እንዲህ ሲጠብባቸው የሚያወጧት አንዲት የመጨረሻ ቃል ነበረቻቸው። «ቆይ ብቻ» ይላሉ ካውያውን እያወዛወዙ፤ «ያንቺ ሰው ሲሆን እናይሻለን።» እሷም ትስቅና መርፌዋን ታነሳለች። ክርክሩ በዚህ ያበቃል፤ ሻይ ይመጣል።

ከዚያ የእሷ ሰው ሆነ።

ታናሽ ወንድሟ ሹፌር ነበር። አንድ ተሳፋሪ መኪናውን ሊቀማው ብሎ ገደለው። ሰውየው ወዲያው ተያዘ፤ አልካደም፤ ያዩትም ሰዎች መሰከሩ። ስህተት ቢሆንስ የሚባል ነገር በዚህ ጉዳይ ላይ አልነበረም።

ጠጋኟ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ላውንደሪዋ ራቅ ያለች መሰላት። ባለቤቲቱ ስታናግራት ድምፁ ከውኃ በታች እንደሚመጣ ነበር። አንሶላዎቹ በሽቦው ላይ ተሰቅለው ቀስ ብለው ይተነፍሳሉ፤ እንፋሎቱ ከጠረጴዛው ተነስቶ ጣሪያው ሥር ይተኛል፤ የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ በውስጡ ስትሟሟ ሁሉም ነገር ወተት ይሆናል። በዚያ ነጭ ውስጥ የወንድሟን ትከሻ የምታይባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ቀረብ ሲሉት የሰው ኮት ነው። ቁልፍ ትተክላለች፤ ያው ቁልፍ የተተከለ መሆኑን ረስታ በላዩ ትደግማለች። ማንም አልተቆጣትም።

ክቡርነታቸውም ችሎት ዘግተዋል። ደንበኞች ለማሟሟቅ ጉዳይ ይዘውላቸው ይመጡ ነበር። «ክቡርነትዎ፣ የቤት ኪራይ የጨመረብኝስ ሰውዬ?» ክቡርነታቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው «ቀጠሮ ተሰጥቶበታል» ይላሉ። እሷን ፊት ለፊት አያዩም። ያቺን የመጨረሻ ቃላቸውን መልሰው መዋጥ ቢችሉ በካውያው ውኃ ባወራረዷት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠጋኟ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተናገረች።

«ነገ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ። ቅጣቱን ከመወሰናችን በፊት የሟች ቤተሰብ የሚለውን እንሰማለን ብለዋል። ከእኔ በቀር ቤተሰብ የለውም።»

«ምን ልትዪ ነው?» አሉ ክቡርነታቸው።

«ይሰቀል ልላቸው ነው።»

ከዚያ ጠበቀች። ይህን ቃል በዓመት ውስጥ ለስንቱ ሲያድሉት ሰምታለች፤ ዛሬ ለእሷ ቢሉላት ትንሽ ይቀላት ነበር። «እሰይ» ቢሉ፣ «ደግ አደረግሽ፣ ልጄ» ቢሉ። ክቡርነታቸው ካውያውን አቆሙና ላባቸውን ጠረጉ።

«አይሆንም» አሉ።

«ምን አሉ?»

«አይሰቀልም። ስህተት ሊሆን ይችላል።»

«አምኗል እኮ፣ ጋሼ!»

«ሰው ብዙ ያምናል።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚህ ወገን ቆመው ተከራክረው አያውቁምና እግራቸው የት እንደሚያርፍ ጠፍቷቸዋል። «ደግሞ ሰው ማለት እንደ ሸሚዝ ነው። ይቆሽሻል፣ ይታጠባል። አንቺው ነሽ ያልሽው።»

«እኔ? እኔ መቼ ነው እንዲህ ያልኩት?»

«እንዲህ ያለ ነገር ብለሻል። ደግሞ ገመድ ራሱ ተወዷል።»

ጠጋኟ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ጭኗ ላይ የነበሩት ቁልፎች ወለሉን ሞሉት። ወንድሟ ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ተናዳ አታውቅም። ስንት ዓመት የደከመችበት ክርክር፣ ሌሊት ተኝታ ስታስበው ያደረችው ክርክር፣ በአንድ ሰው አፍ እንዲህ ይጨማደድ?

«እንደሱ አይባልም!» አለች። «መጀመሪያ ነገር፣ ይታጠባል አላልኩም። ይህ ሰው አልቆሸሸም፤ ገድሏል። ወንድሜን ገድሏል! የሚያጥበው ውኃ የለም። ጥፋተኛ ሁሉ ምስኪን ነው ብዬም አላውቅም። እርስዎ ድሮም አይሰሙኝም!»

ክቡርነታቸው ጣሳውን አንስተው ተጎነጩ። ጉንጫቸው ተነፋ።

«ያልኩት ሌላ ነው» አለች፣ አሁን ቀስ ብላ። «ሲገደል ገመዱን የሚጎትት አንድ ሰው እጁን ያነሳል ነው ያልኩት። ያ ሰው ደሞዝ ተቀባይ ነው፤ የሚያነሳው ለራሱ አይደለም። ለማን ነው? ነገ ይሰቀል ካልኩ ለእኔ ነው የሚያነሳው። ታዲያ ወንድሜ ይመለሳል? አይመለስም። እኔ ግን ወንድሜን ባሰብኩ ቁጥር አጠገቡ ያ የተሰቀለው ገዳይ ቆሞ ላየው ነው፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ልቀብር ነው። እኔ ወንድሜን ብቻውን ነው የምፈልገው።»

ባለቤቲቱ ከባንኮኒው ኋላ ቀና ብላ ነበር። ክቡርነታቸው አሁንም ጉንጫቸው እንደተነፋ ነው፤ ካባው ደርቆ ይጠብቃል፤ አይረጩም፣ አይውጡም። እንፋሎቱ በመሃላቸው ቀስ ብሎ ያልፋል። ጠጋኟ የተናገረችው ወደ ራሷ ጆሮ ገና እየደረሰ ነበር።

«ይኸው ነው» አለች ተቀምጣ። «የእኔን ወገን ከያዙ እንዲህ አድርገው ይያዙ።»

ክቡርነታቸው ውኃውን ቀስ ብለው ካባው ላይ ለቀቁና «ተረታሁ» አሉ። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የተረቱት፤ የተረቱትም በእሷ ወገን ቆመው ነው። ሆን ብለው ይሁን ወይም በእርግጥ የክርክር ነገር ስለማይሆንላቸው፣ ጠጋኟ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ አልጠየቀቻቸውም። ጎንበስ ብለው ቁልፎቿን አብረዋት ሲለቅሙ ጉልበታቸው ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማች፤ እንዲህ ያረጁ አይመስላትም ነበር።

በማግስቱ አብረዋት ሄዱ። ያኔ ነው ጉዱ የወጣው፤ ክቡርነታቸው ከተወለዱ ጀምሮ ችሎት ገብተው አያውቁም። በሩ ላይ ጫማ ይወለቅ እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቋት። ከኋላ ተቀመጡ። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ከላይ ካሉት መስኮቶች የሚወርደው ብርሃን የሰዉን ፊት ሁሉ ያደበዝዛል። ተከሳሹን አስገቡት።

«ይሄ ነው?» አሉ ክቡርነታቸው።

«እሱ ነው።»

ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ሸሚዙ ተጨማዷል» አሉ በመጨረሻ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከሰቀሏቸው ሰዎች አንዱም ሸሚዝ አልነበረውም።

«የሟች እህት» ተብሎ ተጠራ። እሷ ተነሳች፤ ወለሉ እግሯ ሥር ውኃ ሆነ። ያን ጊዜ ከኋላዋ የሞቀ መዳፍ ነጠላዋ ላይ አርፎ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ቀስ ብሎ ወረደ፤ መጨማደዱን አቃናው። ከዚያ መሄድ ቻለች።

«ቢሞት አላለቅስለትም» አለች ለዳኞቹ። «ይቅር ብዬዋለሁም አልልም፤ አላልኩትም። ግደሉልኝ ግን አልላችሁም። እስከ ዕድሜው መጨረሻ እሰሩት፤ ወንድሜን ለእኔ ተዉልኝ።»

የምትጨምሪው አለ ወይ አሏት። የለኝም አለች።

ወደ ቦታዋ ስትመለስ ክቡርነታቸው ጠጋ ብለው አስቀመጧት፤ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ።

«ጥሩ ተከራክረሻል» አሉ። «ድምፅሽ ብቻ ትንሽ አነሰ። እኔ ብሆን ጠረጴዛውን እመታው ነበር።»

ጠጋኟ ሳቋ አመለጣት። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች፤ ግን ሳቁ ቆሞ ልቅሶው የት ላይ እንደጀመረ አላወቀችም፤ አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ትከሻቸውን ዝቅ አድርገውላት ነበርና ራሷን እዚያው ጣል አደረገች።